የቫልክንሃርት ጎሳ በሶዶ

የእድራችን ጸሐፊ በማለዳ ደውሎ የጠየቀኝን ጥያቄ እስካሁን በቅጡ አልመለስኩለትም። «ጋሽ ይልማ፣ መምህር ማርቆስ ማረፉን ሰምተሃል አይደል? ጥሩምባ ነፊው እኔ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። የማን ልጅ፣ የማን ወንድም፣ የማን አባት ብሎ ይንፋ?» አለኝ።

ማረፉንማ ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሲያርፍ አጠገቡ ነበርኩ። ጥያቄው ግን ከተጋደምኩበት አስነስቶ ቁጭ አደረገኝ። ሶዶ ላይ ሰው ሲሞት ስሙ ብቻውን አይነገርም። የኦቶናው የእገሌ ወንድም፣ የተበላዋ የእገሊት አጎት፣ የቤሌው የእገሌ አማች እየተባለ ይለፈፋል። ሰሚውም የራሱን ሰው ስም ሲሰማ ነው ነጠላውን አንስቶ የሚወጣው። የማርቆስ ስም ከኋላው የሚከተለው አልነበረም።

«መምህር ነበረ ይበል» አልኩት።

«እሱማ ሥራው ነው። እኔ ዘመዱን ነው የጠየቅኩህ።»

ተናደድኩበት። እሱ ምን ያጥፋ፤ የተናደድኩት ሌላ ነገር ላይ ነው።

ማርቆስና እኔ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን ኖረናል፤ እኔ ጂኦግራፊ፣ እሱ ታሪክ እያስተማርን። ረጅም ነው፤ ቀጭን ነው፤ ትከሻው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ነው። ወደ መምህራን ክፍል ሰው በገባ ቁጥር፣ ዳይሬክተሩም ይሁን ተላላኪዋ፣ ከወንበሩ ብድግ ይላል። መጀመሪያ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ ሲገባኝ ግን ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ከሞቱ ፈረንጆች ቤት የተማረው የመኳንንት ሥርዓት ነው። እኔ ደግሞ ወንበሬን የምወድ ሰው ስለሆንኩ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በተነሳህ ቁጥር እኛን ባለጌ ታደርገናለህ» እያልኩ እቆጣው ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ማርቆስ የተወለደው በድርቁ ዘመን ነው፤ የት እንደተወለደ የሚያውቅ የለም። እዚሁ ሶዶ በነበረ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ በር ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያገኘው ዳና የሚባል ዘበኛ ነው። ማሳደጊያው አባቱ ላልታወቀ ልጅ ሁሉ የዘበኛውን ስም ይሰጥ ስለነበር ማርቆስ ዳና ተባለ። በዚያ ግቢ የዳና ልጅ የሚባለው ብዙ ነበር። ዳና ራሱ ሳያገባ፣ ሳይወልድ አርጅቶ ሞተ።

አንድ ቀን ለልጆቹ ከባሕር ማዶ የእርዳታ ሳጥን መጣ። ልብስ፣ ጫማ፣ ኳስ፣ ሥዕል የሞላባቸው የልጆች መጻሕፍት። ማርቆስ እስኪደርስ ሁሉም ተቀራምተውታል። ከሥር ማንም ያልፈለገው አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቀርቶ ነበርና እሱን አነሳ። ቫልክንሃርት የሚባል፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የነበረ የአንድ መኳንንት ቤት ታሪክ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ከአንድ ሰው ተነስቶ ወደ ታች የሚወርድ የትውልድ ሐረግ ተስሎበታል። እንግሊዝኛ የተማረው በዚያ መጽሐፍ ነው። «ለሌሎቹ ጫማ ደረሳቸው፣ ለእኔ ዘር ደረሰኝ» ይል ነበር። ሲለው ይስቃል፤ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። አሁን ትዝ ሲለኝ የሚያስቅ ነገር አይታየኝም።

የዚያን ቤት ሰዎች እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸው ነበር። የመጀመሪያው ኡልሪክ ባለ አንድ ዓይኑ ነው። ንጉሡ ከጠላት ሸሽቶ ወንዝ ዳር ሲደርስ ኡልሪክ በጫንቃው ተሸክሞ አሻገረው። ንጉሡም ወንዙን ከነዳርቻው ሰጠውና ካውንት ብሎ ሾመው። ልጁ ኮንራድ ዝምተኛው፣ ሲናገር ሳይሰማ ገዝቶ አለፈ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ኸርማን ካውንትነት አነሰኝ ብሎ፣ ማርግሬቭ ማለትም የድንበር መስፍን ለመባል፣ በሐሰት የተጻፈ የአያት ቅድመ አያት ስም ከአንድ መነኩሴ ገዛ። ሲጋለጥ የተጨመረለትን ማዕረግ ገፈፉት፤ ቤቱም ከዚያ ወዲያ ቀና አላለም። ማርቆስ እዚህ ላይ ሲደርስ የጆሮውን ጫፍ ያዝ አድርጎ፣ «የተገዛ አባት ቅጠል እንጂ ሥር የለውም» ይላል። ይቺ የራሱ አባባል ናት።

የኸርማን ወንዶች ልጆች አለቁና ሴት ልጁ ማቲልዳ ቀረች። ባሏ የራሱን ስም ትቶ የእሷን ቤት ስም ስለያዘላት ዘሩ በሴት በኩል ተረፈ። ከእሷ ኡልሪክ ዳግማዊ፣ ከእሱ ኮንራድ ልጅ አልባው ተወለደ። ኮንራድ ሲቀበር ለፋፊው የቤቱን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። የሚመልስ ሲታጣ ጋሻውን ሰብረው ከሬሳው ጋር ጉድጓድ ጨመሩት። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

በክፍል ውስጥ ፊውዳሊዝምን የሚያስተምረው በእነዚህ ሰዎች ነው። የወላይታ ልጅ ከጨቅላነቱ ጀምሮ በየልቅሶው የጎሳና የአባት ስም ሲጠራ እየሰማ ስለሚያድግ፣ ማርቆስ ያንን ዜማ ወሰደና ተማሪዎቹን በጥሪና በቅብብል አስጠናቸው። እሱ «ቫልክንሃርት!» ሲል ክፍሉ «ኡልሪክ ባለ አንድ ዓይኑ!» ይላል፤ «ከእሱስ?» ሲል «ኮንራድ ዝምተኛው!» ይላሉ። ከጎን ባለው ክፍል እኔ ስለ ዝናብ ሳስረዳ የእኔም ተማሪዎች በከንፈራቸው ይከተላሉ። ዛሬ በሶዶ ባጃጅ የሚነዳው፣ መድኃኒት የሚሸጠው፣ በማዘጋጃ ቤት ማኅተም የሚመታው ጎልማሳ ሁሉ የራሱን ሦስተኛ አያት ቢስት ማቲልዳን አይስትም።

ማዕረግ ለኛም ለመምህራኑ አድሎናል። ዳይሬክተሩ ዱክ፣ ንብረት ክፍሉ ባሮን ነበሩ። እኔ አያቴ ከሰሜን ከመጡት ሹማምንት አንዱ፣ ግራዝማች የነበሩ ናቸው። ፎቶግራፋቸው እስከ ዛሬ እሳሎን ተሰቅሎ የሚያስፈራራን ስለሆነ ደብቄ የምኖረው ነገር አይደለም። ማርቆስ ግራዝማች በቫልክንሃርቶች አገር ምን እንደሚሆን አንድ ሳምንት አሰበበትና ጋሽ ቫይካውንት አለኝ። ስሜ ሆኖ ቀረ። እኔ ግራዝማችነቱ ሰልችቶኝ ነው ያደግኩት። እሱ ግን ፎቶግራፉን ሊያይ ቤቴ ሲመጣ ፊቱ ቆሞ ይቆይ ነበር፤ አያቴን ሳይሆን በአያቴና በእኔ መካከል ያለውን የአፍንጫ መመሳሰል እያየ። «አፍንጫህ ከየት እንደመጣ ማወቅ ግን ደስ አይልም?» አለኝ አንድ ጊዜ። ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ምስራች የምትባል ጸሐፊ ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛውራ የመጣችው እሱ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ገደማ ነው። የተበላ ከተማ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከቢሮዋ እስከ ሰልፍ ሜዳው ይሰማል። ማርቆስ ፈተና አስባዛለሁ እያለ ቢሮዋ መመላለስ ሲያበዛ ሁላችንም ገባን። ለእሷም ስም አወጣላት፤ ማቲልዳ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ፊቱ ቀላ። «ቤቱን የምታተርፈው እሷ ናታ» አለኝ። ሰውየው ሚስት ብቻ አልነበረም የሚፈልገው፤ የሚጀምርበት ቦታ ነበር የሚፈልገው። ልጅ ቢወልድ ልጁ ቢያንስ አንድ አባት መቁጠር ይችላል፤ የልጁ ልጅ ደግሞ ሁለት።

ዘመድ ስለሌለው ሽማግሌ ሆነን ተበላ የወረድነው እኔና በዛብህ የሚባለው የስፖርት መምህር ነን። አቶ ጋልቻ፣ የምስራች አባት፣ ከወንድማቸው ጋር ሆነው በአክብሮት ተቀበሉን። እኛም ወግ እንደሚፈቅደው እህል ሳንቀምስ ጉዳያችንን ተናገርን።

«ልጁን እኔ አይቻለሁ» አሉ አቶ ጋልቻ በዝግታ፣ ወንድና ሴት በሚያምታታ አማርኛቸው። «ጨዋ ነው። ይጠጣል አልልም። ልጄም ይወደዋል፣ ይሄንንም አውቃለሁ። ቆሞው ማን ነው?»

ቆሞ ማለት ጎሳ ነው። በኛ ቤት ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ዝምድና ከሌለ ሰርግ ይደገሳል። በወላይታ ግን ሁለት ሰው ጎሳው አንድ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢራራቅ እህትና ወንድም ነው፤ አይጋባም። ይህንን ጥያቄ ሁለታችንም እናውቀው ነበር። መልስ ግን ሳንይዝ ነው የመጣነው፤ መምህርነቱ፣ ጨዋነቱ ይሸፍንልናል ብለን።

በዛብህ ነገር ሲጠብበት የሚሮጥ ሰው ነው። «ቫልክንሃርት» አለ።

ዞሬ አየሁት። ወደ ፊቱ ብቻ ያያል፤ ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

አቶ ጋልቻ ግን አልሳቁም። «ማላ ነው ዶጋላ?» አሉ። የወላይታ ጎሳ ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ሥር ነው።

«ማላ!» አለ በዛብህ።

ሽማግሌው አንገታቸውን አዘንብለው አሰቡ። ከወንድማቸው ጋር በወላይትኛ ብዙ ተነጋገሩ። ወንድምየው ጣቱን እያጠፈ ጎሳ ቆጠረ፤ አራገፈና እንደገና ቆጠረ። ሰዎቹ ሊያሳጡን አልነበረም፤ ከልባቸው የልጁን ወገን እየፈለጉለት ነበር። «እኔ እስካሁን አልሰማሁም» አሉ በመጨረሻ። «ምናልባት ኦሞን ተሻግሮ ዳውሮ ይሆን?»

ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። በር ላይ የተገኘ ልጅ መሆኑን፣ የአባቱ ስም የዘበኛ ስም መሆኑን ነገርኳቸው። አቶ ጋልቻ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ድርቁ ጊዜ ልጅ ያልጣለ ጎሳ ማን አለ?» አሉ። «እኛም ጥለናል። የኛ የት እንደወደቀ እኛ አናውቅም። ልጄ እህቱ ቢሆንስ? ነግረኝ፣ እህቱ ቢሆንስ?»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ጠልቻቸው ይቀለኝ ነበር። ስንወጣ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ ከዳጣ ጋር አስቀርበው ብሉ አሉን። ከተከለከሉ በኋላ የሚበላ ምግብ አይወርድም፤ ለወጉ ቀመስ አድርገን ተነሳን።

ማርቆስ ሶዶ መናኸሪያ ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው። ፊታችንን አይቶ ገብቶታል፤ ግን ጠየቀ፤ እኔም ነገርኩት። የበዛብህን መልስ ስነግረው ሳቀ። እዚያው ሚኒባሶቹ መሃል ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ማላ ነን አላችኋቸው?»

«ማላ ነን አልን።»

«ቫልክንሃርቶች ማላ ናቸው!» አለና እንደገና ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ እንባው ግን አልቆመም። በዛብህ እጁን ሊይዘው ሲል ሸሸው። ሰኞ ክፍል ገብቶ ተማሪዎቹን ሲያስጠራ አዲስ ነገር ጨመረ። «ቫልክንሃርት!» ይላል እሱ፤ «ማላ!» እንዲሉ አስተማራቸው። ከዚያ ወዲህ የተማረ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው።

ምስራች እንዲህ በቀላሉ አልተወችውም። አንድ ቀን የመምህራን ክፍል መጥታ፣ እኔ መኖሬን ከቁም ነገር ሳትቆጥር፣ «ዝም ብለህ አንዱን ጥራ!» አለችው። «ከኛ ጎሳ ሌላ የሆነውን አንዱን! የዳናን ጥራ! ማን ይከስሃል? ማንን ነው የምትፈራው?»

«ልጆቻችንን» አላት። «ነገ ልጃችን ያንን ስም ይዞ የገዛ እህቱን ቢያገባስ? በእኔ ውሸት።»

«እኔ ልጅ አላልኩም። እኔ አንተን ነው ያልኩት» አለችው። ማርቆስ ብድግ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ስትገባ እንደተነሳ ሳይቀመጥ ቀርቶ። እስክትወጣ ድረስም አልተቀመጠም። ጠብቃው ጠብቃው ሲመራት ቦዲቲ ላለ ነጋዴ ተዳረች።

ማርቆስ ከድሮም ወገኖቹን ይፈልግ ነበር፤ እሷ ስትዳር እንኳ ፍለጋውን አልተወም። ትምህርት በሌለ ቀን በሚኒባስ ተሳፍሮ ተበላ ይወርዳል፤ አረካ ይሄዳል፤ ቤሌ ይዘልቃል። ገበያ ላይ ቆሞ አፍንጫ ያያል። የየአጥቢያውን ሽማግሌዎች፣ በድርቁ ጊዜ ሶዶ ማሳደጊያ በር ላይ ልጅ ያስቀመጠ ሰው ታውቁ እንደሆነ እያለ ይጠይቃል። ማን አዎ ይላል? እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለራሱም አይነግርም። አንድ የቤሌ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ግን አንዲት ሴት አለች አሉት። አብሬው እንድሄድ ለመነኝ፤ ሄድኩ።

እማማ አየለች ይባላሉ፤ ከእንሰት ተክላቸው ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት። ባላቸውም ሁለት ልጆቻቸውም በዚያ ዘመን ሞተዋል። የቀረውን አንድ ሕፃን ተሸክመው ሶዶ ድረስ በእግር ሄደው፣ በር ላይ አስቀምጠው፣ ዘበኛው እስኪያነሳው አጥር ሥር ተደብቀው አይተዋል። በወላይትኛ ነው የነገሩን፤ እኔም ሶዶ የተወለድኩ ስለሆንኩ አንድ ቃል አላመለጠኝም። ዘበኛው አንካሳ ነበር አሉ። ዳና አንካሳ ነበር።

«ልጄ ምድጃ ረግጦ ተረከዙ ተቃጥሎ ነበር፤ ጠባሳው ትልቅ ነው» አሉ።

ማርቆስ አጎንብሶ የጫማውን ክር ሊፈታ ሞከረ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። እኔ ፈታሁለት። እማማ አየለች እግሩን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። በአውራ ጣታቸው ተረከዙን ዳሰሱት። ሌላኛውንም እግር አምጣ አሉት፤ አመጣ። የሁለቱም ተረከዝ ደህና ነበር። እንደዚያ ቀን ጠባሳ ተመኝቼ አላውቅም።

«ጠባሳ እኮ በጊዜ ይጠፋል» አሉ እሳቸው። እንደማይጠፋ ሦስታችንም እናውቃለን። የማርቆስን እግር ሳይለቁ ቀጠሉ። «ልጄ ሁን። እኔ ማንም የለኝ፤ አንተም ማንም የለህ። ቆሞዬን ውሰድ፤ ማን ይከለክለኛል? ልጄ ነው ካልኩ ልጄ ነው።»

በልቤ እሺ በል፣ እሺ በል እያልኩ ነበር፤ ከአፌ ግን አልወጣም። ማርቆስ እግሩን ቀስ አድርጎ ከጭናቸው አነሳ። «ልጅዎ ቢመጣስ?» አላቸው። «አንድ ቀን ያንን በር ከፍቶ ቢገባ፣ በቦታው ላይ ተቀምጬ ልጠብቀው?»

ሴትዮዋ አላለቀሱም። ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ እዚያው ቀሩ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተቆጣሁት፤ «እንደ ኸርማን እንዳልሆን ብለህ ነው! የተገዛ አባት፣ የተገዛ አባት! እሳቸው ሸጡልህ? በነፃ ነው የሰጡህ!» አልኩት። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፤ እሱን የሚስበው ያልነበረው ዘር ነው።

ከዚያ ወዲያ ገበያ መሄዱን ተወ። ያስተምራል፤ ሰው ሲገባ ይነሳል፤ ጋሽ ቫይካውንት ይለኛል። ውስጡ ግን ባዶ እንደሆነ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል። ልጆች ከአባታቸው ጋር ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ አባትየውን ያየው ነበር፤ አሁን ማየቱንም ተወ። ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። በዚህ ዓመት ኩላሊቱ ታመመ። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም፣ እኔ አልጋው ጎን እያለሁ፣ «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«ኡልሪክ ዳግማዊ በሪህ ነው የሞተው» አለ ማርቆስ።

ሐኪሙ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። «ምንህ ነው?» አለው። ማርቆስ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ «ያቺን የቤሌዋን እናት እምቢ ማለት አልነበረብኝም» አለኝ። ብድግ ብዬ፣ «ዛሬውኑ ልደውል፤ ነገ ይመጣሉ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «አንዴ ልጅ ጥለው ሄደዋል። አሁን ደግሞ ሌላ ልጅ ላስቀብራቸው?» አለ። እጄን የያዘበት እጅ ኃይል አልነበረውም። የራሴን ልጆች፣ የአያቴን ፎቶግራፍ፣ አፍንጫዬን ሁሉ ጠላሁ።

ያን ማለዳ ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ ቤሌ ደወልኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለእማማ አየለች እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው። ጥሩምባ ነፊው ግን «መምህር ማርቆስ» ብቻ ብሎ ነፍቶ አለፈ።

ጥሩ አድርጎ ነፍቶ ይሁን ወይም የተማሪዎቹ ስልክ ሠርቶ፣ እንጃ፣ የልቅሶው ሜዳ በሰው ሞላ። መዘምራኑ ዘመሩ፤ ጸሎት ተደረገ። ከገጠር የመጡ አዛውንቶች ደግሞ እንደ ወጉ ሟቹ በጎሳው እንዲጠራ፣ አባቶቹ እንዲቆጠሩ ይጠብቃሉ። ልቅሶ የሚያወጡት ሽማግሌ ወደ እኛ መጥተው፣ «ማን ብዬ ልጥራው?» አሉ። የእድሩ ጸሐፊ እኔን አየኝ። እኔ በዛብህን አየሁት። በዛብህ በዚህኛው ጊዜ የሚለው አልነበረውም። ከፊታችን ያ ሁሉ ሰው የሚጠራውን ስም ይጠብቃል።

ብርሃኑ የሚባል የድሮ ተማሪው፣ አሁን ሚኒባስ የሚነዳ ጎልማሳ፣ ከሰዉ መሃል ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቫልክንሃርት!» አለ በልቅሶው ዜማ።

ከሜዳው ዳር ዳር «ማላ!» ብለው መለሱ።

«ኡልሪክ ባለ አንድ ዓይኑ!» አለ፤ ተቀበሉት። ኮንራድ ዝምተኛውን ጠራ፤ ኸርማንን ጠራ። የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ እየተቀበለ ሲያለቅስ፣ ነገሩን የማያውቁት አዛውንቶችም ማላ የሚለውን ሰምተው ደረታቸውን እየደቁ ገቡበት። ማቲልዳ ላይ ሲደርስ፣ ከሴቶቹ ኋላ ልጇን ይዛ የቆመች አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን አየሁ። ምስራች ነበረች። ጋሻ የሚሰብርለት አልነበረም፤ የሚሰበርም ጋሻ አልነበረውም። አፈር አለበስነው።

እማማ አየለች የደረሱት ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ስንገባ ነው፤ መንገድ ላይ አውቶቡስ ተበላሽቶባቸው። ብርሃኑና ጓደኞቹ በድንኳኑ በር ላይ እንደገና ስሞቹን እየጠሩ ነበር። ቆመው አዳመጡ። ከዚያ እኔን ፈልገው መጡ።

«የሚጠሩት የማንን አባቶች ነው?» አሉኝ።

«የእሱን» አልኩ።

እጄን ጨበጡት። «አገኛቸው ማለት ነው?»

ምን ማለት ነበረብኝ? «አገኛቸው፣ እማማ።»

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ ልጄ! እምቢ ሲለኝ ከፍቶኝ ነበር። ለካ እነሱ እየጠበቁት ነው።» እንባቸው እየወረደ ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩ። «የትኞቹ ናቸው? ልቅሶ ልድረሳቸው።»

«የሉም። ሁሉም ቀድመውት አልቀዋል።»

«አንድም አልቀረ?»

«አንድም። በእሱ አለቀ።»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና ወደ ብርሃኑ ሄዱ። ከመጀመሪያው ጀምርልኝ አሉት። ኡልሪክ አላቸው፤ ለኡልሪክ አለቀሱ። «ቀጥሎስ?» አሉ፤ ኮንራድ አላቸው፤ ለኮንራድ ደረታቸውን መቱ። አንዱንም ሳይዘሉ፣ የማያውቁት ቋንቋ የሆነውን ስም ሁሉ ብርሃኑ እያቃናላቸው፣ እስከ ልጅ አልባው ኮንራድ ድረስ አለቀሱላቸው። ከኮንራድ በኋላ ራሳቸው ማርቆስ ብለው ጠሩ፤ ድምፃቸው ለእሱ ሲሆን ተሰበረ።

«ቀጥሎስ?» አሉ፣ በእሱ ማለቁን የነገርኳቸው የተረሳቸው ይመስል።

ብርሃኑ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ቀና ብለው ፊቱን እያዩ ጠበቁት።